የአሮጌ ሰይፍ ምስክርነት፤ ዋናውንና ኋላ የተጨመረውን ስለ መለየት

በየትምህርት ቤቱ የታሪክ ትርኢት በሚዘጋጅበት ጊዜ ከተማሪዎቹ አንዱ የአያቱን ወይም የቅድመ አያቱን ሰይፍ በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ማምጣቱ የተለመደ ነው። ልጁ በቤቱ ሲነገር እንደ ሰማው ሰይፉ በዓድዋ ጦርነት የዋለ ነው። መምህሩ ግን ሰይፉን ከሰገባው ስቦ ከእጀታው አጠገብ ያለውን የብረቱን ገጽ ሲመለከት «ሶሊንገን» የሚል ቃል በላቲን ፊደል ታትሞ ያገኛል። በዚያን ጊዜ ከሁለት አንዱ ይሆናል። ወይም «ይህማ የፈረንጅ ዕቃ ነው» ብሎ ሰይፉን ከትርኢቱ ያወጣዋል፤ ወይም ጽሕፈቱን እንዳላየ ሆኖ «የዓድዋ ሰይፍ» የሚል ወረቀት ጽፎ ከጠረጴዛው ላይ ያኖረዋል። ሁለቱም ፍርድ ስሕተት ነው። የመጀመሪያው እውነተኛውን ምስክር ከሸንጎ ያስወጣዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ ምስክሩን ሳይጠይቅ ይፈርዳል።

የኢትዮጵያ አሮጌ ሰይፍ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ቀንና የአንድ እጅ ሥራ አይደለም። ብረቱ በአንድ አገር ተሠርቶ፣ እጀታው በሌላ አገር ገብቶለት፣ ሰገባው ከሁለት ትውልድ በኋላ ታድሶለት ይገኛል። ስለዚህ «እውነተኛ ነው ወይስ ሐሰተኛ?» ብሎ በአንድ ቃል የሚጠይቅ ሰው ተገቢውን መልስ አያገኝም። ስለ እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው «ይህ መቼ ተደረገ? በማን እጅ ተደረገ? ስለ ምን ተደረገ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። የተለወጠ ሁሉ የተጭበረበረ አይደለምና። ማጭበርበር የሚባለው፣ ለውጡ ሰይፉ ያልነበረውን እንዲናገር ታስቦ የተደረገ እንደ ሆነ ነው።

አባቶች ሰይፍን በየዐይነቱ ስም ሰጥተውታል። ሾተል የሚባለው እንደ ማጭድ በብዙ የታጠፈ፣ በሁለት ወገን የተሳለ፣ እጀታውም ለእጅ መከላከያ ብረት የሌለው ከእንጨት የተሠራ ነው፤ መታጠፉም የጠላትን ጋሻ ዞሮ ከጋሻው በስተኋላ ያለውን ሰው እንዲያገኝ ነው። በሁለት ወገን የተሳለ ቀጥ ያለ ሰይፍም አለ። ጎራዴ ግን በአንድ ወገን የተሳለ፣ በመጠኑ የተቆለመመ ነው፤ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ በመኳንንቱና በወታደሩ ወገብ ላይ አዘውትሮ ይታይ የነበረው ይኸው ጎራዴ ነው። ሾተሉን በአብዛኛው ያገር ቀጥቃጭ ሲሠራው የብዙው ጎራዴ ብረት ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ያገሬው ቀጥቃጭ ብልኀተኛነቱ የታወቀ ሲሆን፣ በዘመኑ በነበረው ክፉ ልማድ «ቡዳ ነው» እየተባለ ይናቅ ስለ ነበር፣ የሠሪውን ስም በብረቱ ላይ መቅረጽ አልተለመደም። ስሙን ለማወቅ የሚፈልግ ተመራማሪ ዛሬ የሚቸገረው በዚህ ምክንያት ነው። በንቀት የጠፋ ስም በምርመራ አይመለስም።

ከባሕር ማዶ የመጣው ብረት የተጓዘባቸው መንገዶች ብዙዎች ናቸው። በሰሜን ምጽዋ፣ በምሥራቅ ታጁራ፣ ዘይላና በርበራ ከጥንት ጀምሮ የንግድ በሮች ነበሩ። ከዘይላ ወደ ሐረር የሚወጣው የግመል መንገድ እጅግ የታወቀ ሲሆን፣ ከበርበራ የሚነሣውም ዛሬ የሐርጌሳ ከተማ ባለችበት ደጋ በኩል ወደ ጅጅጋና ወደ ሐረር ያደርስ ነበር። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1839 ዓደንን ከያዙ በኋላ በባሕረ ሰላጤው ወዲህና ወዲያ ያለው ንግድ ይበልጥ ተስፋፋ። ሪቻርድ በርተን የተባለው እንግሊዛዊ መንገደኛ በዚሁ መንገድ ከዘይላ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1855 ሐረር ገባ፤ በዚያው ዓመት በበርበራ ሰፈሩ ተወርሮ ጉንጩን በጦር ተወግቶ አመለጠ። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1884 ስለ ሰይፍ ታሪክ አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳትሟል። ጠባሳውን በፊቱ ላይ ተሸክሞ ስለ ጦር መሣሪያ የጻፈ ሊቅ ከእርሱ ሌላ ብዙ አይገኝም። ኋላም የምድር ባቡሩ ከጂቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የግመሉ ንግድ ወደ ባቡሩ ተላለፈ።

በእነዚህ መንገዶች ከመጡት ብረቶች ብዙዎቹ በጀርመን አገር በሶሊንገን ከተማ የተሠሩ ናቸው። ሶሊንገን ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ለመላው ዓለም ሰይፍ ስትሠራ የኖረች ከተማ ናት። ከለንደኑ የዊልኪንሰን ፋብሪካና ከፈረንሳይ የመጡም አሉ። ከእነዚህ ገሚሶቹ በፊት ለአውሮፓ ፈረሰኞች ተሠርተው ሠራዊቱ ሲጥላቸው በንግድ የተላለፉ ናቸው። ገሚሶቹ ደግሞ ከመጀመሪያው ለኢትዮጵያ ገበያ ታዝዘው የተሠሩ ሲሆኑ፣ ዘውድ የደፋው የይሁዳ አንበሳና የንጉሠ ነገሥቱ ስም በአማርኛ ፊደል ተጽፎባቸዋል። እንግዲህ ከላይ የተጠቀሰው ተማሪ ባመጣው ጎራዴ ላይ «ሶሊንገን» የሚል ቃል መገኘቱ የሚያስደንቅ ነገር አይደለም። የፈረንጅ ብረት በኢትዮጵያ እጅ ገብቶ፣ በኢትዮጵያ እጀታና ሰገባ ተሰናድቶ፣ በኢትዮጵያዊ ወገብ ላይ ከታጠቀ የኢትዮጵያ ሰይፍ ሆኗል፤ ጠመንጃውስ ቢሆን ከወዴት መጣ?

ይህንን የመለየት ጥበብ እጅግ ያራቀቀው የጃፓን ሕዝብ ነው። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት የጃፓንን ሕገ መንግሥት አርአያ አድርጎ እንደ ተጻፈ መምህራን ያውቃሉ፤ በሰይፍ ምርመራም ከጃፓኖች የሚገኘው ትምህርት ቀላል አይደለም። የጃፓን ሰይፍ ብረቱ ከእጀታው ጋር የሚያያዘው በአንዲት የቀርከሃ ችንካር ብቻ ነው። መርማሪው ችንካሯን ገፍቶ እጀታውን ያወልቅና በእጀታው ውስጥ ተሸሽጎ የኖረውን የብረቱን ሥር ያያል። በዚያ የሠሪው ስም፣ የሞረዱ ጭረት አካሄድ፣ የችንካሩ ቀዳዳና የዝገቱ ቀለም ይገኛሉ። ይህ ዝገት በፍጹም አይጠረግም፤ የብረቱን ሥር አሸብርቆ የጠረገ ሰው የሰይፉን የልደት ወረቀት እንዳቃጠለ ይቈጠራል።

ከሁሉ የሚያስገርመው ስለ ማሳጠር ያላቸው ፍርድ ነው። በጥንት ዘመን በፈረስ ላይ ሆነው ይዋጉባቸው የነበሩት ረጃጅም ሰይፎች፣ የጦርነቱ ሥርዐት ተለውጦ እግረኛ ሲበዛ በየጊዜው እንዲያጥሩ ተደረገ። የሚቈረጠው በሥሩ በኩል ስለ ነበር፣ የሠሪው ስም አብሮ ተቈርጦ ጠፋ። ይሁን እንጂ ጃፓኖች እንደዚህ ያለውን ሰይፍ አልናቁትም። ሆናሚ የሚባለው የመርማሪዎች ቤተሰብ ትውልድ ከትውልድ ብረቱን እየመረመረ፣ የማን ሥራ እንደ ሆነ የምስክር ወረቀት ይሰጥ ነበር፤ አንዳንድ ጊዜም ፍርዱ በብረቱ ሥር ላይ በወርቅ ይጻፍ ነበር። ይህ የወርቅ ጽሕፈት በኋላ የተጨመረ ነው፤ ሐሰት ግን አይደለም፤ የመርማሪ ቃል መሆኑን በግልጥ ይናገራልና። በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ግድም የነበረው ማሳሙኔ በጃፓን ከሁሉ የከበረ ሠሪ ሲሆን፣ ስሙ የተቀረጸበት ሥራው ግን እጅግ ጥቂት ነው። በአንጻሩ ምንም ያልጎደለው፣ ያልተሰበረና ያላጠረ ሰይፍ የታላቅ ሠሪ ስም በሐሰት ከተቀረጸበት በመርማሪዎች ዘንድ ይወድቃል። ስሙ ተፍቆ ሲወጣለት ደግሞ ወደ ትክክለኛ ማዕርጉ ይመለሳል። የጎደለው እውነተኛ፣ ሙሉው ሐሰተኛ ሊሆን መቻሉን እነርሱ ከጥንት ጀምሮ ተረድተውታል።

በስም ማታለል የጃፓን ብቻ ነገር አይደለም። በፋርስ የኢስፋሃኑ አሰዱላህ ስም፣ በስኮትላንድ የአንድሬያ ፌራራ ስም፣ ሰዎቹ በሕይወት ሊሠሩት ከሚችሉት በላይ በሆነ ብዛትና እነርሱ ሊኖሩበት በማይችሉ ዘመናት ሁሉ በሰይፍ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። የፓሳው ከተማ የተኩላ ምልክትም በሶሊንገን ሠሪዎች ተወስዷል። የሱዳን ቀጥቃጮች በፊት ከአውሮፓ ብረት ላይ ያዩትን የጨረቃ ምልክት በራሳቸው ሥራ ላይ ይመቱ ነበር። ሆኖም ይህን ሁሉ ማታለል ብሎ መጥራት አይገባም። የሱዳኑ ቀጥቃጭ ጨረቃዋን የመታው ብርታት እንድትሰጥ ወይም ደንብ ሆኖ ስለ ቈየ ሊሆን ይችላል። ሐሳቡን ሳይመረምሩ መፍረድ ደግ አይደለም።

ወደ ኢትዮጵያው ሰይፍ ሲመለሱ አንድ ትልቅ ችግር ይገጥማል። እጀታው በችንካር የተያዘ ሳይሆን፣ የብረቱ ሥር በእጀታው ውስጥ አልፎ በጫፉ ላይ በመዶሻ ተመትቶ የተቆለፈ ነው። እርሱን ለማየት እጀታውን መስበር ያስፈልጋል፤ እጀታውን የሚሰብር መርማሪ ደግሞ ምስክሩን ገድሎ ቃሉን እንደሚቀበል ዳኛ ነው። ዛሬ በሐኪም ቤት እንደሚደረገው በራጅ ማየት ይቻላል፤ ራጅ በሌለበት ግን በውጭ ከሚታዩት ምልክቶች ማንበብ ግድ ይሆናል። እነርሱም ጥቂቶች አይደሉም።

አስቀድሞ ብረቱ ከእጀታው የሚገናኝበትን ቦታ ማየት ይገባል። በፊት የአውሮፓ ፈረሰኛ የታጠቀው ብረት ከሆነ፣ የብረት መከላከያው የነበረበት ስፍራ እንደ ጥላ ያለ መስመር ትቶ ይገኛል፤ ከመስመሩ ወዲህና ወዲያ የብረቱ ቀለም ይለያያል። ይህ እጀታው መለወጡን ይመሰክራል፤ ለኢትዮጵያ ሰይፍ ግን ይህ ውርደት ሳይሆን ልደት ነው። ቀጥሎ በብረቱ ርዝመት የሚሄደውን ቦይ መከታተል ነው። ቦዩ ጫፉ ሳይደርስ በዝግታ ማለቅ ሲገባው እስከ ጫፉ ድረስ ከሄደ፣ ወይም የአንበሳው ሥዕልና ጽሕፈቱ በመካከል ከተቈረጠ፣ ብረቱ ተሰብሮ እንደ ገና ተስሏል ማለት ነው። በጦርነት የሚሰበር ዕቃ ተጠግኖ መገኘቱ ምን ያስደንቃል?

የዊልኪንሰን ሥራ ሲሆን ነገሩ ይቀላል። ፋብሪካው ከ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ በተመረጡት ሰይፎቹ ጀርባ ላይ ተራ ቁጥር ይመታ ነበርና፣ ቁጥሩ ሳይጠፋ ከተገኘ የተሠራበት ዓመት ከመዝገብ ሊታወቅ ይችላል። የሶሊንገን ሠሪዎች ምልክትም በየጊዜው የተለወጠ ስለ ሆነ ዘመንን ያመለክታል፤ ለምሳሌ ቫየርስበርግና ኪርሽባውም የተባሉት ሁለት ቤቶች አንድ የሆኑት እ.ኤ.አ. በ1883 ነው፤ የሁለቱ ስም ተጣምሮ የተገኘበት ብረት ከዚያ በፊት ሊሠራ አይችልም። የፋብሪካው ዓመት ግን ብረቱ የተወለደበትን እንጂ ኢትዮጵያ የገባበትን፣ ይልቁንም ማን እንደ ታጠቀው አይናገርም።

የአማርኛው ጽሕፈት ለብቻው ሊመረመር ይገባዋል። በፋብሪካ በአሲድ የተበላ ጽሕፈት ጥልቀቱ እኩል፣ ዙሪያው ደብዛዛ ነው። ባገር ቤት በእጅ የተቀረጸው መርፌው የገባበትና የወጣበት ቦታ ይለያል። በዘመናችን በኤሌክትሪክ መሣሪያ የተጫረው ደግሞ መስመሩ እየተንቀጠቀጠ ይሄዳል። ከሁሉ የሚበልጠው መመርመሪያ ዝገቱ ነው። ዝገቱ የበላው ጕድጓድ ፊደሉን አቋርጦ ካለፈ ፊደሉ ከዝገቱ ይቀድማል፤ ፊደሉ ግን በዝገቱ ጕድጓድ ላይ ጥርት ብሎ ከተጻፈ ከዝገቱ በኋላ የመጣ ነው። ፊደሉ መሳሳቱ ግን ሁልጊዜ የሐሰተኛነት ምልክት አይደለም። ፊደል የማያውቅ የጀርመን ሠራተኛ ከወረቀት አይቶ የገለበጠው «ነ» ወይም «ኀ» ቢጣመምበት የሚጠበቅ ነው። እንዲያውም ጽሕፈቱ የዛሬ መኪና እንዳተመው እጅግ የተስተካከለ እንደ ሆነ መጠርጠር ይሻላል።

የጽሕፈቱ ቃልም የዘመን ምስክር ነው። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት የተባሉት በ1882 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ «ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» የሚለው ጽሕፈት ከዚያ ዘመን በፊት ሊሆን አይችልም። ተፈሪ መኰንን በ1921 ዓ.ም. ንጉሥ ተብለው በ1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ተብለው ዘውድ ጭነዋልና፣ በስማቸው የተጻፈውን ሰይፍ በማዕርጉ መለየት ይቻላል። በአንድ ሰይፍ ላይ የማይገጥሙ ስምና ዓመት ሲገኙ፣ ከሁለቱ አንዱ ሳይሆን ሁለቱም ይጠረጠራሉ። በዚህ ረገድ የውጭ አገር ገዢዎች ደጋግመው የሚሳሳቱት ስሕተት አለ፤ በኢትዮጵያ አቈጣጠር የተጻፈውን ዓመት የራሳቸው እየመሰላቸው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያስረጁታል። «1889» የሚል ጽሕፈት ያለበት ዕቃ ከዓድዋ ድል በፊት የተሠራ መስሎ ይሸጣል፤ በእውነቱ ግን የዓድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ ዕቃው ከድሉ በኋላ የመጣ ነው።

በእጀታው ጫፍ ላይ ብር ተመትቶ የሚገኝበት ጊዜ አለ። እዚህ ላይ ጠገራው ብር ብዙዎችን አሳስቷል። የማርያ ቴሬዛ ብር ከንግሥቲቱ ሞት በኋላ ሁሉ ሲታተም ዓመቱ ሳይለወጥ «1780» እንደ ሆነ ስለ ቀረ፣ በእጀታው ላይ 1780 የሚል ብር መገኘቱ ስለ ሰይፉ ዕድሜ ምንም አያስረዳም። የምኒልክ ብር ግን በፓሪስ ታትሞ የወጣው 1887 ዓ.ም. የሚል ዓመት ይዞ ስለ ሆነ፣ እርሱ ያለበት እጀታ ከ1887 በፊት አልተበጀም። «አልተበጀም» የተባለው እጀታው ነው እንጂ ብረቱ አይደለም፤ ብረቱ ከመቶ ዓመት በፊት የተሠራ ሊሆን ይችላል። አንዲት ብር ለአንዱ ክፍል መስክራ ለሌላው ዝም ትላለች። ተማሪዎች ይህንን ልዩነት አንድ ጊዜ በዐይናቸው ካዩ፣ በመጽሐፍ የሚያነቡትን ማስረጃ ሁሉ በዚሁ ዐይን መመርመር ይጀምራሉ።

የከበረው ጎራዴ እጀታ ከአውራሪስ ቀንድ ይሠራ ነበር። የአውራሪስ ቀንድ እንደ ከብት ቀንድ ውስጡ ባዶ ሳይሆን እንደ ጠጕር በቀጫጭን ክር ተሰናስሎ የተዋቀረ ነው፤ ከተቈረጠበት ጫፍ ላይ በማጕሊያ መነጽር ሲታይ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ይታያሉ፤ በጎኑም ክሮቹ ተጋድመው ይሄዳሉ። የጎሽ ወይም የላም ቀንድ ግን ንጣፍ በንጣፍ ነው። የአውራሪስ ቀንድ ዓለም አቀፍ ንግድ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ በስምምነት ስለ ታገደ፣ ይህ ነገር በሁለት ወገን ችግር አምጥቷል። አንዳንዱ ሻጭ የላሙን ቀንድ የአውራሪስ ነው ብሎ ያከብረዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሕጉን ለማምለጥ እውነተኛውን እጀታ አውልቆ በእንጨት ይለውጠዋል። ሁለተኛው ከፊተኛው የባሰ ጥፋት ነው፤ የላሙ ቀንድ ቢያንስ የላም ቀንድ መሆኑን ለሚያየው ሁሉ ይናገራል፤ የወለቀው እጀታ ግን ከቶ አይመለስም።

ስለ ሰገባው ሲነገር ኢትዮጵያውያን ሰይፍን በቀኝ ወገን ይታጠቁ እንደ ነበር መዘንጋት አይገባም። የአውሮፓ ሰው በግራ ይታጠቃል። የውጭ አገር መንገደኞች ሁሉ ይህን አይተው በመገረም ጽፈውታል። እንግዲህ የሰገባው ማንገቻ የተሰፋበት ወገን፣ በልብስና በኮርቻ የተፈገፈገው ገጽ፣ የባሕር ዐረቡ ቆዳ የነጣበት ጎን ሁሉ በየት ወገን እንደ ተንጠለጠለ ይገልጣል። ማንገቻው ለቀኝ ወገን ተሰፍቶ ቆዳው ግን በዚያ ወገን ከቶ ያልተፈገፈገ እንደ ሆነ፣ ሰገባው ለወገብ ሳይሆን ለግድግዳ የተሠራ ነው። ሹመት ያገኘ ሰው የአባቱን ሰይፍ ሰገባ በቀይ ከፋይ ማልበሱ፣ በአንጥረኛ እጅ የብር ቀለበት ማስገባቱ፣ ያንንም በወርቅ ማስቀባቱ የወግ ነገር ነበር። ብሩም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ጠገራው ቀልጦ የተገኘ ነው። እንዲህ ያለው ሰገባ ከብረቱ ይልቅ አዲስ ቢሆንም የቤተሰቡን የክብር ታሪክ ይዟል።

ከዚህ የተለየ ግን ሌላ ሥራ አለ። ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ሾተል በአሲድ ዝጎ፣ በጭቃ ተቀብሮ፣ በጢስ ጠቍሮ «የዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን» እየተባለ ለእንግዳ የሚሸጥበት ገበያ ጠፍቶ አያውቅም። ባሌስትራውን የቀጠቀጠው እጅ ጥፋት የለበትም፤ ጥሩ ቢላዋና ጥሩ ማጭድ የሚሠራው ያው እጅ ነው። ጥፋቱ የሚጀምረው ዝገቱ በትእዛዝ ሲመጣ ነው። በአሲድ የመጣ ዝገት በሁሉም ስፍራ እኩል ነው፤ በዘመን የመጣው ግን እጅ በሚነካበት፣ ሰገባው በሚያቅፍበትና ውሃ በሚቋጥርበት ቦታ ይለያያል። ከዚህ ይልቅ የሚያሳዝነው እውነተኛውን አሮጌ ጎራዴ ወስዶ፣ ዋጋው ከፍ እንዲል የራስ እገሌ ወይም የደጃዝማች እገሌ ስም የሚያስቀርጽበት ነጋዴ ነው። ስሙ ያልታወቀ የአንድ ወታደር ሰይፍ ስለ ነበር በቂ ክብር የነበረውን ዕቃ፣ ያልነበረ ባለቤት ሰጥቶ ሐሰተኛ ያደርገዋል።

በኋላ የተጨመረ ጽሕፈት ሁሉ ግን እንዲህ አይደለም፤ ለዚህም ከሰይፍ ጎን የሚውለው ጋሻ ምሳሌ ይሆናል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዝ ጦር በተያዘችና ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን በሠዉ ጊዜ፣ ሠራዊቱ ያገኘውን ንብረት ሁሉ ዘርፎ በዝሆንና በበቅሎ ጭኖ ወረደ፤ በደላንታ ሜዳም ለጨረታ አቀረበው። ከዚያ ከተወሰዱት ጋሻዎች በአንዱ ላይ «መቅደላ፣ 13 ኤፕሪል 1868» የሚል ቃል በእንግሊዝኛ ተቀርጾበታል። ጋሻውን የሠራው ኢትዮጵያዊ ይህን አልጻፈም፤ የጻፈው የወራሪው ወገን ነው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ይኸው ጋሻ በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ከተማ ለጨረታ ሊቀርብ ሲል ተቃውሞ ተነሥቶ ከጨረታው ወጣ፤ በ2017 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። ጽሕፈቱን ለጌጥ ወይም ለኵራት ያስቀረጸው ሰው፣ ጋሻው ከየት እንደ ተወሰደ የሚመሰክር ቃል በገዛ እጁ ትቶ ሄደ። ጽሕፈቱ የኋላ ጭማሪ ነው ተብሎ ቢፋቅ ኖሮ፣ ከመቅደላ የመጣ መሆኑን በምን ማስረዳት ይቻል ነበር?

ከመቅደላ የሄዱት ሌሎች ዕቃዎችም ጥቂት በጥቂት ተመልሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1925 አንድ ዘውድ ለንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ተሰጥቷል፤ በ1957 ዓ.ም. ንግሥት ኤልሣቤጥ ኢትዮጵያን ሲጐበኙ የዐፄ ቴዎድሮስን ቆብና ማኅተም መልሰዋል፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ከለንደን የጦር ሠራዊት ሙዚየም የንጉሠ ነገሥቱ ጠጕር ተመልሷል። ገና በውጭ ያለው ግን ብዙ ነው። እርሱን ለመጠየቅ የሚቀርበው ማስረጃ ደግሞ አብዛኛው በዕቃው ላይ ያለ ጭረት፣ ጽሕፈት፣ ቁጥርና ጥገና ነው።

ስለዚህ በአገር ቤት ያለው ጥፋት የበለጠ ያሳስባል። ለበዓል ሲባል ሰይፍን በአሸዋና በሎሚ መፈተግ፣ እንደ መስተዋት እስኪያበራ በሞረድ መላግ፣ የተበጣጠሰውን ባሕር ዐረብ ጥሎ በሰው ሠራሽ ቆዳ መለወጥ በብዙ ቤት እንደ አክብሮት ይቈጠራል። በደግ ልብ የሚደረግ ነው፤ ነገር ግን ከአጭበርባሪው የበለጠ ማስረጃ የሚያጠፋው ይህ ደግ ልብ ነው። አጭበርባሪ በዓመት አሥር ሰይፍ ቢያበላሽ፣ የዓድዋ በዓል ዋዜማ በአንድ ሌሊት ስንቱን ይፈትጋል! ብረቱን በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ ጥቂት ዘይት መቀባት ይበቃዋል፤ ቆዳውን ከፀሓይና ከርጥበት ማራቅ ይበቃዋል። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ከልክሏል፤ በየቤቱ ያለውን ፍተጋ ግን ሊደርስበት የሚችለው መምህሩ ነው፤ ሰይፉ ከቤት ወጥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ በሌላ ሰው ዐይን የሚታየው በትምህርት ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ነውና።

በጽሑፋችን መጀመሪያ የተጠቀሰው ጎራዴ እንግዲህ ከትርኢቱ መውጣትም፣ «የዓድዋ ሰይፍ» መባልም የለበትም። መምህሩና ተማሪው አብረው ተቀምጠው አንድ ካርድ ይጽፉለታል። «ብረቱ፤ በሶሊንገን የተሠራ፣ የሠሪው ምልክት ይታያል፣ ጫፉ ተሰብሮ ዳግመኛ ተስሏል። እጀታው፤ የጎሽ ቀንድ፣ በጫፉ 1887 ዓ.ም. የሚል የምኒልክ ብር አለው። ሰገባው፤ ቀይ ከፋይ፣ ከእጀታው በኋላ የታደሰ፣ ማንገቻው ለቀኝ ወገን የተሰፋ።» ከዚያም በታች በሌላ ቀለም አንድ መስመር ይጨመራል፤ «የሰይፉ ባለቤት የነበሩት ሰው በዓድዋ እንደ ዘመቱ ቤተሰቡ ይናገራል፤ ይህንም የነገሩት የተማሪው ሴት አያት ናቸው።»